ከግምጃ ቤት የወጣ ርካሽ ጠመንጃ ሲገዛ ምን ይታያል?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ሞሲን ናጋንት የተባለው የሩሲያ ጠመንጃ ከ100 ዶላር በታች ይሸጥ ነበር። (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብዙ ጊዜም ሳንጃው፣ ማንገቻው፣ የጥይት ኪሶቹና መወልወያው አብረውት ይመጣሉ። ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ያየ መሣሪያ ከነሙሉ ዕቃው ማለት ነው።

ይህን የሰማ ሰው ከሁለት አንዱን ያስባል። አንዱ "ይህን ያህል ከረከሰማ አንድ ችግር ቢኖርበት ነው" ይላል። ሌላው ደግሞ "ጦር ሠራዊት የታጠቀው መሣሪያ ምን ይሆናል?" ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ይገዛል። ሁለቱም ዋጋውን በተሳሳተ መንገድ እያነበቡት ነው። የአሮጌ ወታደራዊ ጠመንጃ ዋጋ የሚናገረው ስንት ተሠርቶ ስንት እንደተረፈ ነው። ስለ ጤንነቱ የሚለው ነገር የለም። አንድ ዓይነት ዋጋ ከተለጠፈባቸው ሁለት ጠመንጃዎች አንዱ ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግል፣ ሌላው ደግሞ ተኳሹን የሚጎዳ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን ማየት የገዢው ፈንታ ነው።

ርካሽነቱ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ሠራዊት መሣሪያ ሲቀይር ነው። አዲስ ጠመንጃ ሲታጠቅ አሮጌው ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ተጠግኖ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ምናልባት ሌላ ጦርነት ቢመጣ ተብሎ ይቀመጣል። ዓመታት ያልፋሉ። መጋዘኑ ቦታ ይይዛል፣ ጥበቃው ገንዘብ ይበላል። በመጨረሻ መንግሥት ወይ ያቀልጠዋል ወይ ለነጋዴ በጅምላ ይሸጠዋል። ሰርፕላስ፣ ማለትም የትርፍ መሣሪያ፣ የሚባለው ገበያ የሚኖረው በዚህ ሁለተኛው መንገድ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳይ በ1886 ሌቤልን ስትታጠቅ የ1874ቱ "ግራ" የተባለው ጠመንጃ ትርፍ ሆነ። ከዚያ የተወሰነው በነጋዴዎች እጅ ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በ1896 አድዋ ላይ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ ይኸው፣ በእኛ አጠራር ውጅግራ የሚባለው፣ ነው። ከ1898ቱ የስፔንና የአሜሪካ ጦርነት በኋላ ደግሞ ፍራንሲስ ባነርማን የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ ከስፔን የተማረከውን መሣሪያ አብዛኛውን ገዛው። ያን ሁሉ ጥይትና ባሩድ ከተማ መሀል ማስቀመጥ ስላልተቻለ ሀድሰን ወንዝ ላይ ደሴት ገዝቶ ግንብ የሚመስል መጋዘን ሠራ። በ1950ዎቹ ሳሙኤል ከሚንግስ ተነሣ። ኢንተርአርምኮ በሚባለው ድርጅቱ አማካኝነት የዓለምን ትርፍ ጠመንጃ እየሰበሰበ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ ከተማ መጋዘኖች ሞላ።

በዚያ ዘመን ጠመንጃ በፖስታ ይታዘዝ ነበር። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተገደለበት የጣሊያን ካርካኖ ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ተከፍሎበት፣ የመላኪያ ተጨምሮበት፣ ቺካጎ ካለ መደብር በፖስታ የመጣ ትርፍ መሣሪያ ነበር። በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከአንድ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው ለግለሰብ ጠመንጃ በፖስታ መላክን ከለከለ፤ ወታደራዊ ትርፍ ከውጭ ማስገባትንም ዘጋ። በሩ እንደገና የተከፈተው በ1984 ነው። ያኔም የተፈቀደው የሰብሳቢ ዕቃ ለሚባሉት አሮጌዎች ነበር። ከዚያ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ የምሥራቅ አውሮፓ ግምጃ ቤቶች ተራገፉ። ሞሲን ናጋንት በጠቅላላው 37 ሚሊዮን ገደማ እንደተሠራ ይነገራል። የመቶ ዶላሩ ዋጋ የመጣው ከዚህ ጎርፍ ነው።

ጎርፉ አሁን ደርቋል ማለት ይቻላል። ያው ሞሲን ዛሬ በብዙ መቶ ዶላር ነው የሚሸጠው። ጠመንጃው አልተሻሻለም፤ ገበያ ላይ ያለው ብዛት አነሰ እንጂ።

ከሣጥን ሲወጣ

በዘመናት ቅባቱ ውስጥ የተቀመጠ ጠመንጃ መጀመሪያ ሲታይ ያስደነግጣል። ኮስሞሊን የሚባለው ግሪስ ቡናማ ነው፤ ያጣብቃል፤ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ገብቷል። የብሎኖቹን ራስ እንኳ መለየት ያስቸግራል። ጨርሶ ያልጸዳ ጠመንጃ ማየት ግን ጥሩ ዜና ነው። ቅባቱ ዝገቱን ሲከለክል ኖሯልና።

ማጽዳቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብረቱን በነጭ ጋዝ ማጠብ፣ ትንንሾቹን ዕቃዎች በፈላ ውሃ መንከር ይሠራል። ጋዙን ከእሳት ማራቅና አየር በሚገባበት ቦታ መሥራት ግድ ነው። እንጨቱ ግን በፀሐይ ነው የሚጸዳው። ፀሐይ ላይ ሲቆይ ቅባቱ እንደ ላብ ይወጣል። በጨርቅ ጠርጎ መመለስ፣ እንደገና ጠርጎ መመለስ። በአሸዋ ወረቀት መፋቅ አያስፈልግም። በፋቁት ቁጥር የግምጃ ቤቱ ማኅተሞች አብረው ይጠፋሉ።

ለማየት ከሚያስቸግሩት ሁለት ቦታዎች ላይ ግን ቅባት ፈጽሞ መቅረት የለበትም። አንደኛው ጥይቱ የሚተኛበት ክፍል ነው። እዚያ የቀረ ግሪስ በተኩስ ሲግል ይጋገራል፤ ባዶው ቀለህ ይጣበቅና መቀርቀሪያው በእጅ አልከፈት ይላል። ብዙ ሰው "ሞሲን መክፈቻው ከባድ ነው" የሚለው ከዚሁ የተነሣ ነው።

ሁለተኛው የባሰ ነው። ኤስኬኤስ በሚባለው ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃ ውስጥ ካፕሱሉን፣ ማለትም የጥይቱን ማቀጣጠያ፣ የሚመታው መርፌ በብዙዎቹ ሞዴሎች ስፕሪንግ አይይዘውም። በነፃ ወዲያ ወዲህ ይላል። መርፌው ባለበት ቀዳዳ ውስጥ ግሪስ ከደረቀ ወደፊት እንደወጣ ይቀራል። ያን ጊዜ መቀርቀሪያው ጥይት አጉርሶ ሲዘጋ ቃታው ሳይነካ ይተኩሳል። ካዝናው እስኪያልቅ በተከታታይ ሊሄድም ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። መቀርቀሪያውን ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ ጆሮ አጠገብ አድርጎ ማወዛወዝ። መርፌው ሲንቀሳቀስ መሰማት አለበት። ካልተሰማ ጠመንጃው ወደ ተኩስ ቦታ አይሂድ።

በርሜሉን ማንበብ

ጸድቶ ካበቃ በኋላ መቀርቀሪያውን አውጥቶ በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን ማየት ነው። ውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ መስመሮች ጥርት ብለው፣ ጠርዛቸው ስል ሆኖ ከታዩ በጣም ጥሩ። ግራጫ ሆኖ መስመሮቹ ግን ጉልህ ከሆኑ በርሜሉ ገና ሠራተኛ ነው። ውርጭ የመታው የሚመስል በርሜል በደንብ ሲተኩስ ብዙ ሰው አይቶ ተገርሟል። መስመሮቹ ተሸርሽረው ለስላሳ ቱቦ ከመሰለ ግን ምንም ማጽጃ አይመልሰውም።

ከመሀሉ ይልቅ ጫፉ ይበልጣል። እርሳሱ፣ ማለትም ከጥይቱ ተለይቶ የሚወረወረው ጫፍ፣ አየር ላይ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻ የሚነካው አፈሙዙን ነው። ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ጠመንጃዎች የሚወለወሉት ከፊት፣ በብረት ዘንግ ነበር። ዘንጉ በዓመታት ጫፉን ያሰፋዋል። መሞከሪያው፣ ባሩድና ካፕሱል የሌለው የማሳያ ጥይት እርሳሱን ወደታች አድርጎ አፈሙዙ ውስጥ ማስገባት ነው። እርሳሱ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ካለ መልካም። ቀለሁ አፈሙዙን እስኪነካ ከወረደ ጫፉ አልቋል።

ሶቪየቶች ለዚህ ጥሩ ዘዴ ነበራቸው። ያለቀውን የጫፍ ክፍል ወደ ውስጥ በመሰርሰሪያ አስፍተው መስመሮቹ ጤነኛ የሆኑበት ድረስ ይደርሳሉ። ከውጭ ሲታይ በርሜሉ ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲታይ ግን መስመሮቹ ከጫፉ ገባ ብለው ይጀምራሉ። ሰብሳቢው ይህን አይወድም፤ ዋጋ ይቀንሳል። ለተኳሽ ግን ብዙውን ጊዜ ከተበላ ጫፍ ይሻላል። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ካለብኝ የተሰረሰረውን እመርጣለሁ።

ሄድስፔስ፣ ማለትም ክፍተቱ

ጥንቃቄው በዋናነት የሚያስፈልገው እዚህ ነው፤ በዓይን ስለማይታይ።

መቀርቀሪያው ሲዘጋ ፊቱና የጥይቱ ቂጥ መካከል እጅግ ጠባብ የሆነ ክፍተት ይኖራል። ያ ክፍተት በልክ መሆን አለበት። ከበዛ ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሁ ወደኋላ ይለጠጣል። ናስ የሚለጠጠው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ካለፈ ከግርጌው ከፍ ብሎ ይሰነጠቃል፤ የጋለው ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል።

አዲስ ጠመንጃ ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ ነው የሚወጣው። አሮጌ ወታደራዊ ጠመንጃ ግን ብዙ እጅ አልፎበታል። መቀርቀሪያዎች ለብቻቸው ተነቅለው በሣጥን ይቀመጡ ነበር። ሲሸጡ የአንዱ ለሌላው ይገባል። በገጽታው ምንም አይለይም፤ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ልኩ ግን የሌላ ጠመንጃ ነው። መጀመሪያ የሚታየው እንግዲህ በመቀርቀሪያውና በአካሉ፣ ማለትም መቀርቀሪያው በሚገባበት ዋና ብረት፣ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካልገጠመ ጠመንጃው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሳይለካ አይተኮስም ማለት ነው።

መለኪያው በጥይት ቅርጽ የተሠራ ብረት ነው። "ጎ" የሚባለው ላይ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት። "ኖ ጎ" ላይ ባይዘጋ ይመረጣል፤ አዲስ በርሜል የሚለካው በእሱ ነው። "ፊልድ" ላይ ከተዘጋ ግን ጠመንጃው ለተኩስ አበቃ። የጠመንጃ ጥገና ባለሙያ ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ይሠራዋል። በርካሽ ተገዛ ተብሎ ይህን ወጪ መዝለል ትልቅ ስሕተት ነው።

እንግሊዞች ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ላይ ያደረጉትን በጣም አደንቃለሁ። የመቀርቀሪያው ራስ ለብቻው ይፈታል፤ ከ0 እስከ 3 በተቆጠረ መጠንም ይሠራል። ክፍተቱ ሲሰፋ የጦር ሜዳው ጠጋኝ ከፍ ያለ ቁጥር ያለውን ራስ ይገጥምና ጠመንጃው ወደ ልኩ ይመለሳል።

ጭራሽ የማይተኮሱት

አንዳንዶቹ የቱንም ያህል ቢያምሩ ግድግዳ ላይ ነው ቦታቸው።

የአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ 1903 ከእነዚህ አንዱ ነው። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ ከተሠሩት ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት፣ በሮክ አይላንድ ከተሠሩት ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑት አይመከሩም። በዚያን ጊዜ ሠራተኞቹ ብረቱ መጋሉን የሚለዩት ቀለሙን በዓይን አይተው ነበር። አንዳንዱ ከልክ በላይ ጋለና ተሰባሪ ሆነ። የትኛው ደህና የትኛው ተሰባሪ እንደሆነ ከውጭ አይለይም።

ጃፓን ለተማሪዎች ሥልጠና ያሠራቻቸው ጠመንጃዎችም አሉ። የጃፓን ሠራዊት የታጠቀውን አሪሳካ ጠመንጃ ይመስላሉ። አካላቸው ግን ደካማ ብረት ነው፤ የተሠሩትም እውነተኛ ጥይት እንዲሸከሙ አይደለም። ጣሊያን ደግሞ ለጥቁር ባሩድ የሠራችውን ቬተርሊ የተባለ ጠመንጃ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ቀይራዋለች። የጥይቱ ኃይል ከአካሉ አቅም ይበልጣል፤ መተው ነው።

በጀርመኑ የ1888 ጠመንጃ ላይ ያለው ጣጣ ሌላ ነው። የመጀመሪያው እርሳሱ 8.08 ሚሊ ሜትር ነበር። በኋላ የመጣው 8.22 ሆነ፤ ግፊቱም ጨመረ። ሁለቱም ጥይት በተለምዶ "ስምንት ሚሊ ማውዘር" ይባላል። ስሙን ብቻ ሰምቶ መግዛት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው።

በአጠቃላይ ማውዘር ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ጥይቱ ብዙ ነው። በ7፣ በ7.65፣ በ7.92 ተሠርቷል። እስራኤል ከቼኮዝሎቫኪያ በ1948 የገዛቻቸውን ጨምሮ የነበሯትን ካራቢነር 98 የተባሉ የጀርመን ማውዘር ጠመንጃዎች በኋላ ብዙዎቹን ወደ 7.62 ቀይራቸዋለች። የጀርመን ንስርና የእስራኤል ማኅተም በአንድ ብረት ላይ ጎን ለጎን ይታያል። ሰውዬው ንስሩን ብቻ አይቶ የጀርመን ጥይት እንዳያጎርስ፣ በርሜሉ ላይና ሰደፉ ላይ ያለውን ቁጥር ማየት አለበት። የተጠራጠረ በባለሙያ ያስለካ።

ጨው የሚተወው ጥይት

ርካሹ ጠመንጃ ሲነሣ ርካሹም ጥይት አብሮ ይነሣል። የሶቪየት ጥይት በቆርቆሮ ታሽጎ ይመጣ ነበር። ለሞሲን የሚሆነው በአንድ ቆርቆሮ 440፣ በአንድ ሣጥን ሁለት ቆርቆሮ ነው። የአሥርተ ዓመታት ዕድሜ ኖሮት ዛሬም ይተኩሳል።

ጣጣው ካፕሱሉ ላይ ነው። የድሮው ካፕሱል ውስጥ ፖታሺየም ክሎሬት አለ። ሲቃጠል ፖታሺየም ክሎራይድ ይሆናል፤ ከምግብ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ነው። በርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል፤ ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። እርጥበት ባለበት ቦታ በአንድ ሌሊት ዝገት ሊጀምር ይችላል። ስንት ጦርነት ያለፈ በርሜል በአንድ ቅዳሜና እሑድ ቸልተኝነት ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘይት በማብዛት ነው። ዘይት ጨው አያሟሟም። እንዲያውም ጨውን ሸፍኖ ያስቀምጠዋል። ጨው የሚሟሟው በውሃ ነው። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ ፈላ ያለ ውሃ በበርሜሉ ማፍሰስ፣ የመቀርቀሪያውን ፊት ማጠብ፣ በደረቅ ጨርቅ ማድረቅ፣ ከዚያ ነው ዘይት። ውሃው ሙቅ መሆኑ ብረቱን አግሎ ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል። የመስተዋት ማጽጃ የሚረጩም አሉ። ይሠራል፤ የሚሠራው ግን አሞኒያው ሳይሆን ውስጡ ያለው ውሃ ነው። ጋዝ የሚገፋው ጠመንጃ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤስኬኤስ፣ ጋዙ የሚያልፍባቸው ክፍሎችም መታጠብ አለባቸው። እነሱ ይረሳሉ።

የስዊዘርላንድ የሠራዊት ጥይት፣ ጂፒ 11 የሚባለው፣ ይህ ችግር የለበትም። በተረፈ ግን አሮጌ ወታደራዊ ጥይት ሁሉ ጨው ይተዋል ብሎ መነሣት ይሻላል። ቢበዛ አንድ ጊዜ በከንቱ ማጠብ ነው።

በሌላ በኩል ብዙ የተኩስ ሜዳዎች ጥይቱን በማግኔት ይፈትሻሉ። ብረት ያለበት እርሳስ ኢላማ መያዣቸውን ስለሚጎዳ አይቀበሉትም። ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።

ማኅተሞቹን አትንኩ

ርካሽ በነበሩበት ዘመን ሰዎች እነዚህን ጠመንጃዎች ያለ ርኅራኄ ቆርጠዋቸዋል። በርሜሉን ያሳጥራሉ፣ እንጨቱን ይቆርጣሉ፣ መነጽር ለመግጠም አካሉን ይበሳሉ። "የአደን ጠመንጃ አደረግሁት" ይባላል። ያኔ በሺዎች ስለሞሉ ማንም ግድ አልነበረውም። ዛሬ ያው የተቆረጠው ጠመንጃ ካልተነካው በጣም ባነሰ ዋጋ ነው የሚሸጠው። የተቆረጠውም እንደነበር አይመለስም።

ማኅተም ታሪክ ነው የምለው ለዚህ ነው። ሞሲን ላይ በሣጥን ውስጥ "ኤስኤ" የሚል የላቲን ፊደል ካለ የፊንላንድ ሠራዊት ነበረው ማለት ነው። አሪሳካ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ የአበባ ምልክት ተፍቆ ከተገኘ ብዙ ጊዜ ከጃፓን እጅ መስጠት ጋር የተያያዘ ነው። ሶቪየቶች የማረኳቸው የጀርመን ማውዘሮች ላይ የመቀርቀሪያው ቁጥር ከአካሉ ጋር እንዲገጥም በኋላ የተጻፈ ነው። በፋብሪካ ቁጥርና በግምጃ ቤት ቁጥር መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሰፊ ስለሆነ ጽሑፉን በአጉሊ መነጽር ማየት ይከፍላል።

ከሁሉ የምወደው ኬ 31 የተባለው የስዊዘርላንድ ጠመንጃ ነው። የሰደፉን ብረት የያዙትን ሁለት ብሎኖች ፈትቶ ሲነሣ ከሥሩ አንዳንዴ ትንሽ ወረቀት ይገኛል። የታጠቀው ወታደር ስም፣ ክፍሉና አድራሻው ይጻፍበታል። ወረቀቱ በዘመን ብዛት ይሰባበራልና በፒንሴት ማንሳት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ወደ ቦታው መመለስ ነው።

ሕጉና የዛሬው ገበያ

ከምንም በፊት የሚኖሩበት አገር ሕግ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የሚተኩስ ጠመንጃ ከፖሊስ በሚሰጥ የምስክር ወረቀት ብቻ ነው የሚያዘው፤ ለእያንዳንዱም በቂ ምክንያት ይጠየቃል። አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራው ጥንታዊ ተብሎ በተለየ ዓይን ይታያል። 50 ዓመት የሞላውና በመጀመሪያ ይዞታው ያለ ጠመንጃ ደግሞ የሰብሳቢ ዕቃ ሊባል ይችላል። ለዚህ የሚሰጥ የሰብሳቢ ፈቃድ አለ፤ 30 ዶላር ነው፣ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ባለ ፈቃዱ ጠመንጃውን በቀጥታ ቤቱ ማስላክ ይችላል። በምላሹ የገዛውንና የሸጠውን ሁሉ በመዝገብ መያዝ አለበት። ይህ ፈቃድ ለንግድ አይሆንም። የክፍለ ግዛት ሕግ ደግሞ ከዚህ ሊጠብቅ ይችላል።

ዛሬ ከሌሎቹ ረከስ ብለው ከሚገኙት አንዱ ካርካኖ ነው። ከ2010ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችም አሜሪካ ገብተው ተሸጠዋል፤ ካርካኖና ቬተርሊም ይገኙባቸዋል። ብዙዎቹ በእጅ ያለቁ ናቸው። እንጨታቸው የተሰነጠቀ፣ በርሜላቸው የጠቆረ፣ በሽቦና በቆዳ የታሰሩም አሉ። እነዚህን የሚገዛ ሰው ለታሪካቸው ይግዛቸው።

ካርካኖ የረከሰበት ሌላም ምክንያት አለ። ካዝናው እንዲሠራ ስድስት ጥይት የሚይዝ የራሱ ብረት፣ ክሊፕ፣ ያስፈልጋል። ክሊፑ ከሌለ የሚቀረው አንድ በአንድ ማጉረስ ነው። የ6.5 ጥይቱም በየመደብሩ አይገኝም። ሞሲንም ቢሆን በ2021 አሜሪካ ለሩሲያ ጥይት አዲስ የማስገቢያ ፈቃድ መስጠት ካቆመች ወዲህ እንደ ድሮው በቆርቆሮ አይሸመትለትም። እኔ የምመክረው ጠመንጃው ላይ ዋጋ ከመነጋገር በፊት የጥይቱን ዋጋ መጠየቅ ነው። ሃያ ጥይት ስንት ነው? ክሊፑስ አለ? መለኪያ ያለው ጠጋኝ ቅርብ ነው? ሦስቱ መልስ ካገኙ በኋላ መቀርቀሪያውን አውጥቶ በርሜሉን ወደ ብርሃን ማዞር ይቻላል።